ሦስት ኮፒ፣ በስፓይራል

ባለፈው ሐሙስ ከቀኑ 11 ሰዓት ሊሆን ሲል አንድ ልጅ እያለከለከ ሱቄ ገባ። ፍላሹን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ።

«ማዘር፣ ሦስት ኮፒ፣ በስፓይራል። 11 ተኩል ላይ ማስረከብ አለብን።»

(ድሮ «እህቴ» ነበርኩ። መቼ «ማዘር» እንደሆንኩ አላውቅም። አንዱ ክረምት ላይ መሰለኝ፤ በመስከረም ተማሪዎቹ ሲመለሱ ስሜ ተቀይሮ ጠበቀኝ።)

ፋይሉን ከፈትኩት። የዶሮ እርባታ ቢዝነስ ፕላን ነው። ቦታው ቢሾፍቱ፣ ሃያ ስምንት ገጽ። ፕሪንት እያደረግኩ ገጽ 14 ላይ ዓይኔ አረፈ። «ድርጅቱ ለሐዋሳ ሐይቅ ቅርብ በመሆኑ የውኃ ችግር አያጋጥመውም» ይላል።

«ልጄ፣ ዶሮዎቹ የት ናቸው?»

«ቢሾፍቱ።»

«ታዲያ ውኃ ለመጠጣት ሐዋሳ ድረስ ይሄዳሉ?»

መጥቶ አነበበው። ራሱን ያዘ። «በናትሽ አጥፊው፣ አጥፊው!» ለምን ይጠፋል? ሐይቅማ ቢሾፍቱም አለ። «ሐዋሳ» የሚለውን አንስቼ «ባቦጋያ» አልኩበት። ሦስቱንም ጠርዤ ሰጠሁት። 11 ሰዓት ከ25 ላይ ጥቅሉን አቅፎ ሲሮጥ ከበሩ ላይ ሆኜ አየሁት።

ሱቄ አምስት ኪሎና ስድስት ኪሎ መሃል ናት። ሦስት በአራት ሜትር። ሁለት ኮፒ ማሽን፣ አንድ ፕሪንተር፣ ስፓይራል መብሻ፣ ላሚኔሽን፣ አንድ ረዳትና እኔ። 12 ዓመት ሆነኝ። ከዩኒቨርሲቲ የሚወጣው ነገር ሁሉ በወረቀት ከሆነ በእጄ ያልፋል። ፕሮፖዛል፣ መመረቂያ ጽሑፍ፣ ሲቪ፣ አንዳንዴም የሠርግ ጥሪ። በብዛት የማየው ግን ቢዝነስ ፕላን ነው። ኢንተርፕረነርሺፕ ኮመን ኮርስ ነዋ። የፊዚክሱም የታሪኩም ልጅ አንደኛ ዓመት ላይ ይወስደዋል። የአራት ኪሎው፣ የስድስት ኪሎው፣ በየፎቁ ላይ ያለው የግል ኮሌጅ ተማሪ ሁሉ በሴሚስተሩ መጨረሻ እኔ ጋ ይመጣል።

ስለዚህ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ሥራ ፈጣሪ ያፈራሉ ወይስ አያፈሩም የሚል ወሬ ቴሌቪዥን ላይ ሲነሳ እኔም አስተያየት አለኝ። ምሁር አይደለሁም። ጠራዥ ነኝ።

የጠረዝኳቸው ፕላኖች ስንት እንደሆኑ እንጃ፤ የሚመሳሰሉበትን ግን በቃሌ ልነግራችሁ እችላለሁ። ዶሮ፣ የከብት ማድለብ፣ ጁስ ቤት፣ ካፌ፣ ላውንደሪ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ዲሊቨሪ አፕ። ጥንካሬ፦ የቡድኑ ተነሳሽነት። ድክመት፦ ልምድ ማነስ። ስጋት፦ የዋጋ ንረት። ትርፉ ሁልጊዜ በሁለተኛው ዓመት ይመጣል። ፕላኑ ውስጥ መብራት አይጠፋም። ዱቤ የሚጠይቅ ደንበኛ የለም። አከራይ ኪራይ አይጨምርም። እንዲህ ያለ ሠፈር ካለ እኔም ነገውኑ ጓዜን ጠቅልዬ እገባለሁ።

ተማሪዎቹን አልወቅስም። አንድ ሴሚስተር ነው ያላቸው። አምስት ልጆች፣ ኪሳቸው ባዶ። ዶሮ የሚያረባ ሰው ሄደው እንዳያነጋግሩ የትራንስፖርቱስ ነገር? ውጤት የሚያሰጠው ፕላኑ ነው፣ ዶሮው አይደለም። እንግዲያው ያለፈውን ዓመት ፋይል ማን ይዞታል ተብሎ ይጠየቃል፤ ስም ይቀየራል፤ ሐዋሳ ቢሾፍቱ ይሆናል። በየኤሌክትሪክ ምሰሶው «ጥናትና ምርምር እናማክራለን» የሚል ወረቀት ከስልክ ቁጥር ጋር ተለጥፏል። ማማከር ማለት እዚህ ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። አንዱን ከራሴ በር ላይ ልጬዋለሁ። እኔም ንጹሕ ነኝ አልልም። ሐዋሳን ባቦጋያ ያደረግኩት እኔው ነኝ።

ዩኒቨርሲቲ ሳያስበው የሚያቆመው ንግድ ግን ብዙ ነው። የእኛን መንገድ ጠዋት ብታዩት ቁርስ ቤቱ፣ የጀበና ቡናዋ፣ ሊስትሮው፣ ልብስ አጣቢዋ፣ የምረቃ ፎቶ አንሺው፣ ሁሉም የሚኖረው ከተማሪ ኪስ ነው። መጋቢት 2012 ላይ በኮሮና ምክንያት ተማሪዎች ወደየቤታቸው ሲላኩ ያየሁትን አልረሳም። ሻንጣ እየጎተቱ በሱቄ ደጃፍ አለፉ። በሳምንቱ መንገዱ ጭር አለ። ቁርስ ቤቱ ዘጋ። እኔም ዘጋሁ፤ ወራት። ኪራዩ ግን አልዘጋም።

እንግዲህ ዩኒቨርሲቲ ለሠፈሩ ገበያ ነው። ተማሪው ከበሩ ወጥቶ ብር ይሰጠኛል። እውቀቱ ግን በዚያው በር ሲወጣ አይቼ አላውቅም ነበር። እስከ ባለፈው ዓመት መጋቢት።

ያን ቀን አራት ልጆች መጡ። የማኔጅመንት ተመራቂዎች ናቸው። የየትኛው ግቢ እንደሆኑ ይቅር። አንዷ ባለ መነጽር፣ አንዱ ረጅም፣ ሁለቱ ዝምተኞች። የሚጠረዝ ነገር አልያዙም።

«እዚህ ስድስት ቀን ቁጭ ብለን መቁጠር እንችላለን?» አለች ባለ መነጽሯ።

«ምኑን?»

«ሁሉንም።»

የገቢዎች ሰዎች መሰሉኝ። ደብዳቤ ጠየቅኩ። አወጡ፤ ማኅተምም ቲተርም አለው። መምህራቸው ፕላን ከመጻፋቸው በፊት አንድ የሚሠራ ንግድ ለአንድ ሳምንት ቁጭ ብለው እንዲያዩ አዟል። ፈቀድኩ፤ ልቤ ግን አላረፈም። «ኪራዬን አትጠይቁኝ» አልኳቸው። በሦስተኛው ቀን ራሴ ነገርኳቸው።

ላፕቶፕ ያወጣሉ ብዬ ነበር። የትምህርት ቤት ደብተር ነው ያወጡት። ገጹን በማስመሪያ ከፋፈሉት። ኮፒ፣ ፕሪንት፣ ስፓይራል፣ ላሚኔሽን፣ ታይፕ፣ የተበላሸ። ሲቆጥሩ አራት ቋሚ መስመር፣ አምስተኛው አግድም። ባለ መነጽሯ ከቆሻሻ ካርቶኑ አጠገብ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጠች። የተጣለውን እያንዳንዱን ወረቀት እያነሳች ጥጉ ላይ ሰዓት ትጽፍበታለች። ረዳቴ አፈረች። «ቆሻሻ ምን ያደርግላቸዋል?» ትለኛለች በሹክሹክታ።

ቅዳሜ ማታ ደመሩት። በስድስት ቀን 4,610 ገጽ ኮፒ አድርገናል። የተበላሸው 287 ወረቀት ነው።

ለእኔ የተበላሸ ወረቀት ማለት «አንዳንዴ ይነክሳል» ነበር። 287 ግን ከግማሽ ደስጣ በላይ ነው። ደስጣው 500 ወረቀት በ750 ብር፤ አንዱ 1 ብር ከ50። በሳምንት 430 ብር ካርቶን ውስጥ እጥላለሁ። በወር 1,800 ብር ግድም። የረዳቴ ደሞዝ 5,000 ነው።

ሰዓት የጻፈችበት ነገር ያኔ ገባኝ። አብዛኛው የተበላሸው ጠዋት ነው፣ አዲስ ደስጣ በሚከፈትበት ሰዓት። ረጅሙ ልጅ ሄዶ ከታች ከሲሚንቶው ወለል ላይ ካለው ደስጣ አንድ ወረቀት መዘዘ። ከመደርደሪያው ላይ ሌላ አንድ። ሁለቱን በሁለት እጁ ጥግ ጥጋቸውን ይዞ አወዛወዘ። የመደርደሪያው ካሽ ካሽ ይላል። የወለሉ ዝም።

«ይሄ ውኃ ጠጥቷል» አለ።

ለካ ከኋላ ያለው ግድግዳ የበልግ ዝናብ ሲመጣ ያጠጣል። ደስጣዎቹን አስደግፌ የደረደርኩት እሱ ላይ ነው። እርጥበት የጠጣ ወረቀት ማሽኑ ውስጥ ሲሞቅ ይጠቀለላል፤ እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ ሁለት ሁለት ሆኖ ይገባና ይነክሳል። እኔ ደግሞ ማሽኑ አረጀ ብዬ ለጠጋኝ ስከፍል ነበር። ከጎረቤት አትክልት ቤት ሁለት የእንጨት ሳጥን ገዛሁ። ወረቀቱን ከወለልም ከግድግዳም አራቅኩት። የተከፈተውን ደስጣ ማታ ማታ በፌስታል መጠቅለል ጀመርን። በቀን 48 ይበላሽ የነበረው ወደ 15 ወረደ። እኔው ነኝ የቆጠርኩት፤ ደብተሩን ትተውልኝ ሄደዋል።

ዋናው ነገር ግን ይሄ አልነበረም።

አንድ ኮፒ ስንት ያስወጣኛል የሚለውን አሰሉ። ወረቀት 1 ብር ከ50። ቀለሙ 30 ሳንቲም። ኪራዬ በወር 18,000 ነው፤ በወር 20,000 ገጽ ግድም እገለብጣለሁ፤ ሲካፈል 90 ሳንቲም። ረዳቴ 25 ሳንቲም። የሚበላሸው ወረቀት 9 ሳንቲም። ድምሩ 3 ብር ከ4 ሳንቲም። ዋጋዬ ስንት ነው? 3 ብር። ከመቶ ገጽ በላይ ለሚያመጣ ደግሞ 2 ብር ከ50፣ ጥሩ ደንበኛ ነው ብዬ።

ባንኮኒውን ይዤ ቆምኩ። 12 ዓመት ሙሉ ትልልቅ ሥራ ሲመጣልኝ ደስ ይለኝ ነበር። ለካ በትልቁ ሥራ ነው የምከስረው። የኖርኩት በስፓይራልና በላሚኔሽን ኖሯል።

በዚያው ቅዳሜ መምህራቸው መጡ። ቡና ተፈላ። ሒሳቡን ከደብተሩ አዩት፤ ብዙም አልተናገሩም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፦

«ይቺን ሱቅ ነገ ቢዘጓት ኪራዩ ይቀራል?»

«ኧረ የት ይቀራል! የስድስት ወር ቅድሚያ ከፍያለሁ።»

«ወረቀቱስ?»

«ካልገለበጥኩበት ወረቀቱ ይቀመጥልኛል።»

«እንግዲያው ሁለቱን አይደባልቁ። ልጆቹ ደባልቀውታል።»

ልጆቹ አንገታቸውን ደፉ። እሳቸው በእርሳስ ሠሩት። ወረቀት፣ ቀለም፣ ብልሽት፤ 1 ብር ከ89። ገልብጬ ካልሆነ የማላወጣው ይሄን ብቻ ነው። ኪራይና ደሞዝ ብገለብጥም ባልገለብጥም ይወጣል። ደግሞ ኪራዩን ኮፒው ብቻውን ለምን ይሸከማል? ስፓይራሉም በዚያው ጣሪያ ሥር ነው። ስለዚህ ጥቅምት ላይ ማሽኑ ቆሞ እኔ ዝንብ ሳባርር 500 ገጽ በ2 ብር ከ50 ቢመጣ፣ በእያንዳንዱ 61 ሳንቲም ለኪራዩ ያግዛል፤ ልቀበለው። ሰኔ ላይ ግን ሰልፉ በር ላይ ደርሶ፣ ሙሉ ዋጋ የሚከፍል ሰው ቆሞ እየጠበቀ ለአንዱ ቅናሽ መስጠት የራስን ገበያ መግፋት ነው።

ቋሚ ወጪና ተለዋዋጭ ወጪ ማለት ይሄ ነው።

የሚያሳፍረውን ልንገራችሁ። ይሄን ትምህርት ተምሬዋለሁ። በ1996 ዓ.ም. ኮሜርስ በማታ። ያኔ ሰንጋ ተራ የነበረው፣ ጣሊያን ከወጣ ብዙም ሳይቆይ የተከፈተው፣ የከተማውን ሒሳብ ሠራተኛ ሲያሰለጥን የኖረው ኮሜርስ። ቀን እየሠራሁ ማታ እማር ነበር። ቢ ፕላስ አግኝቼበታለሁ። ክፍል ውስጥ ምሳሌው የብስኩት ፋብሪካ ነበር። የብስኩት ፋብሪካ ስለሌለኝ ረሳሁት።

ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል ይከነክነኛል፤ ኤክስቴንሽን። አዲስ አበባ ውስጥ ኤክስቴንሽን ማለት የማታ ትምህርት ነው። ከሥራ ወጥተህ፣ ደክመህ፣ ከፍለህ የምትማረው። ገጠር ግን ኤክስቴንሽን ሲባል ሌላ ነው፤ የግብርና ባለሙያው ማሳው ድረስ ይመጣል። ዓለማያ እርሻ ኮሌጅ፣ የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ ዛሬ ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ከሚባለው የአሜሪካ ኮሌጅ ጋር ሆኖ ሲቋቋም የተያዘው ሐሳብ እሱ ነበር። ማስተማር፣ መመራመር፣ የተገኘውን ደግሞ ገበሬው ደጅ ማድረስ። ሦስቱ አንድ ላይ። አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. በ1862 ባወጡት ሕግ መሬት እየሰጡ ያቋቋሟቸው ኮሌጆች ናቸው ወደዚያ መንገድ የሄዱት። ቃሉ ከተማ ሲገባ ግን ተገለበጠ። እውቀቱ ወደ ሰው መሄዱ ቀረና ሰው በማታ ወደ እውቀቱ ይሄዳል። ለበቆሎ የሚመጣ ባለሙያ ካለ ለኮፒ ቤት የማይመጣበት ምክንያት አይታየኝም። ስድስት ኪሎን ተሻግሮ መምጣት ነው።

ሥልጠና ጠፍቶ አይደለም። እኔ ራሴ ስድስት ቀን የሚፈጀውን የኢንተርፕረነርሺፕ ሥልጠና ወስጃለሁ፤ ኤምፕሬቴክ የሚባለውን፣ በተባበሩት መንግሥታት የመጣውን። ጥሩ ነበር። ዓላማ መያዝ፣ መድፈር፣ ቃልን መጠበቅ። መሠረቱ ማክሌላንድ የሚባል የሃርቫርድ የሥነ ልቦና ሰው ጥናት ነው። ሰውዬው ሰዎችን ወደ ተተከለ እንጨት ቀለበት እያስወረወረ፣ በጣም ቀርቦ ከሚወረውርና በጣም ርቆ ከሚወረውር ይልቅ መካከለኛ ርቀት የሚመርጠው ነው የሚሳካለት ዓይነት ሰው ይል ነበር። ከዚያ ሥልጠና ስለ ራሴ ብዙ አወቅኩ። ስለ ግድግዳዬ ግን ምንም።

በየስብሰባው ደግሞ የአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ይነሳል። ሁለት ተማሪዎች፣ አንድ ጋራዥ፣ ከዚያ ሂውሌት ፓካርድ፣ ኤችፒ የምንለው። (ፕሪንተሬ ኤችፒ ናት፤ ስለዚህ ወሬው ቤተሰባዊ ነው።) ስለ ጋራዡ ሁሉም ያወራል። መምህራቸው ፍሬድሪክ ተርማን ግን ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ልጆቹ የራሳቸውን ድርጅት እንዲያቋቁሙ የገፋፋቸው፣ ያገዛቸው እሱ ነው። ድርጅቱ በተቋቋመበት በእ.ኤ.አ. 1939 ከመጀመሪያዎቹ ገዢዎቻቸው አንዱ ዋልት ዲዝኒ ነበር፤ ስምንት የድምፅ መሞከሪያ መሣሪያ ገዛቸው። እንግዲህ ከጋራዡ ሌላ መምህርም ገዢም ነበራቸው። እኛ ጋ ታሪኩ ሲተረጎም የቀረው ጋራዡ ብቻ ነው። ጋራዥማ ቄራ ሞልቷል።

ገዢ ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ከጥቂት ዓመት በፊት አንድ የትምህርት ተቋም፣ ስሙ ይቅር፣ የሥልጠና ሞጁል አሠራኝ። 300 ጥራዝ። ሁለት ሌሊት አልተኛንም። ክፍያው በሰባት ወሩ መጣ። በስልክ በጠየቅኩ ቁጥር መልሱ አንድ ነበር፤ «ሂደት ላይ ነው።» በዚያ ሰባት ወር ወረቀት በዱቤ ስገዛ ኖርኩ። ያው ተቋም በዚያው ሰሞን ጥቃቅን ነጋዴዎችን ስለ መደገፍ ዐውደ ጥናት አዘጋጅቶ ነበር። እንዴት አወቅሽ አትሉኝም? የተሳታፊዎቹን ባጅ ላሚኔት ያደረግኩት እኔ ነኝ። እሱም በዱቤ።

መደበኛው ጨረታ ደግሞ ለእኔ ዓይነቱ ሩቅ ነው። ማስከበሪያ በሲፒኦ፣ የቫት ምዝገባ፣ የመልካም ሥራ አፈጻጸም ደብዳቤ። በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጀ ከአደራጀው መሥሪያ ቤት የዋስትና ደብዳቤ ቢያመጣ ይበቃዋል የሚል ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ አነባለሁ። እኔ ብቻዬን በንግድ ፈቃዴ የምሠራ ነኝ፤ የተደራጀሁት ከረዳቴ ጋር ነው።

ዝምተኞቹ ካልኳቸው አንዱ በመጨረሻው ቀን አፉን ፈታ። አጎቱ የሕግ ሰው ናቸው መሰለኝ። «ኮፒ ማሽንዎን አስይዘው መበደር ይችላሉ እኮ» አለኝ። ሳቅኩ። አዋጅ አለ አለኝ፤ ቁጥር 1147/2011፣ የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና። ማሽን፣ ዕቃ፣ ከብት፣ ሌላው ቀርቶ ያልተሰበሰበ ሒሳብ ሳይቀር ይያዛል። ብሔራዊ ባንክ መዝገብ አለው። ሄድኩ፣ አንድ ባንክ። ልጅቷ በትሕትና አዳመጠችኝና «ቤት አለዎት? መኪናስ?» አለችኝ። አዋጁን አነሳሁላት። «አዎ፣ እሱማ አለ» አለች፣ ሩቅ አገር ስላለ ዘመድ እንደምታወራ። አሁን አንዳንዴ ሲቸግረኝ በስልክ ነው የምበደረው፤ ለአንድ ሁለት ደስጣ ይሆናል፣ ለማሽን አይሆንም።

ቴክኖሎጂው ላይ የተሻለ ነገር አለ፤ እሱን አልክድም። አይስ አዲስ የሚባለው የጀማሪ ቴክኖሎጂ ድርጅቶች ማሳደጊያ በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው ሕንፃ ኮሌጅ ግቢ ውስጥ ነው። የኮምፒውተር ልጆች ሐሳባቸውን ይዘው የሚገቡበት ቦታ ማግኘታቸው ቀላል ነገር አይደለም። የእኔ ጥያቄ ሐሳብ ሳይሆን ንግድ ይዞ የሚገባው ሰውስ ነው። ሐሳብ ካለህ ኢንኩቤሽን አለ። ግድግዳህ ካጠጣ ማን አለ?

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2015 ዓ.ም. ራስ ገዝ ተብሏል፤ የመጀመሪያው ነው። ከደንበኞቼ መሃል መምህራን አሉ፤ ኮፒ እስኪወጣ ቆመው ሲያወሩ እሰማለሁ። ገቢ ማመንጨት፣ ገቢ ማመንጨት። ይገባኛል። ብቻ ገቢው ሲታሰብ አጥሩን ተከትሎ ያለው ሱቅ ሁሉ ተከራይ ወይም ተወዳዳሪ ሆኖ ብቻ እንዳይታይ እሰጋለሁ። ከአጥሩ ውጭ ያለው ሠፈር ቤተ ሙከራም ይሆናል። አራት ልጅ፣ አንድ ደብተር፣ ስድስት ቀን። በጀቱ እኔ ያፈላሁት ቡና ነው።

ለልጆቹም ሆኗቸዋል። ሪፖርታቸውን እኔው ነኝ የጠረዝኩት። እንደ ሌሎቹ 28 ገጽ አልነበረም፤ 11 ገጽ። ድክመት በሚለው ሥር «ልምድ ማነስ» አይልም። «ባለቤቷ ደንበኛ አታሳፍርም፤ ዱቤ ስትሰጥ አትጽፍም» ይላል። ተናደድኩ። ከዚያ የዱቤ ደብተር ገዛሁ።

ባለ መነጽሯ አሁን አዳማ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ተቀጥራለች። ምን ታደርጊያለሽ ስላት «የሚበላሸውን እቆጥራለሁ» አለችኝ። ዝምተኞቹ የት እንደገቡ እንጃ።

ረጅሙን ግን ሰኔ ላይ አገኘሁት። መመረቂያ ጽሑፉን ይዞ መጣ። ሰልፉ እስከ ቁርስ ቤቱ ደርሷል። ሁለቱም ማሽኖች ይጮኻሉ፤ ረዳቴ ላብ በላብ ሆናለች። አራት ኮፒ፣ እያንዳንዱ 92 ገጽ፣ ደረቅ ሽፋን። ዋጋው ያኔ 3 ብር ከ50 ገብቷል።

«ማዘር፣ 368 ገጽ ነው። ለእኔ እንኳን አትቀንሺልኝም?»

ዝም ብዬ አየሁት። ወደ ሰልፉ ዞር ብሎ አየ። ከዚያ ራሱ ሳቀ።

«ሰኔ ነው አይደል» አለ፤ ስልኩን አውጥቶ በቴሌብር ሙሉውን ላከ።